ያልተመዘነው ስኳር ድንች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? የባሕሩ ጠረፍ ሙቀት ዘንድሮም እንቅልፍ እንደነሳህ አልጠራጠርም። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ እዚያ ማዳንግ እንደገባ ስለማውቅ ነው። ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርድ ወሬ ደግሞ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ሬሳ ሳይጨምር አይደርስም። ማንም አልሞተም። የእኔን ትከሻ የመቀመጫው ቀበቶ ልጦታል። የእማዬ አንድ ጣት ወልቆ ተመልሷል። የአጎታችን ልጅ ሲዩኔ ሁለት ጥርስ አጥቷል፤ ድሮም ይነቃነቁ ነበር እያለ ይምላል።

የማበራት አውሮፕላን ግን የለችም። የቀረውን ሌላ ሰው ሊነግርህ ስለማይችል እኔው ልጻፍልህ።

እማዬን የዓይን ሞራ እንደጋረዳት ባለፈው የገና ደብዳቤ ላይ ነግሬህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሶባት ሰው የምታውቀው በድምፁ ብቻ ሆነ። እጇን አጣጥፋ ግን አልተቀመጠችም፤ እርሻዋን በመዳፏ እየዳሰሰች ትቆፍር ነበር። ጎሮካ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች ሲመጡ ስሟን አስመዘገብኩ። በመኪና እሄዳለሁ አለች። መንገዱን ናዳ ወሰደው። ሐኪሞቹ የሚቆዩት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነበር።

አውሮፕላን ላይ እግሯን እንደማታነሳ ታውቃለህ። አባባ ካንተ ጋር ወድቆ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ በመንደራችን በኦልካባ ማረፊያ ሜዳ ላይ ባረፍኩ ቁጥር እሷ ቤት ትገባለች። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው የምትወጣው። ያንተንም ስም በእነዚህ ዓመታት ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ስምህን ከጠራ ብድግ ብላ አሳማዎቹን ልታበላ ትሄዳለች። ሲዩኔ፣ «የእናንተ አሳማዎች እንዲህ የሰቡት በወንድምሽ ስም ነው» ይለኛል።

ከእኔ ጋር ብቻ ስትሆን አንድ ጥያቄ አለቻት። ዘጠኝ ዓመት ያው ጥያቄ ነው። «ምነው ወደ ፊት ቢሄድ ኖሮ? ከፊቱ እርሻ ነበር አይደል? ለምን ዞረ?» ትለኛለች። ስምህን ሳትጠራ ነው። እኔም ሥራው የሚለውን እመልስላታለሁ። ገና ከመሬት ሲነሱ ሞተር ቢጠፋ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ከፊት ያለው ላይ ማረፍ ነው፤ ወደ ተነሱበት ሜዳ መዞር ከፍታውንም ፍጥነቱንም ይበላል፤ ከዚያ ክንፉ አየሩን ይለቅና እንደ ድንጋይ መውረድ ነው። ይህንን መጀመሪያ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን በእጅህ ይዘህ፣ ጭስ በሞላው ቤት ውስጥ። መልሴ ልክ ነበር። በመለስኩላት ቁጥር ግን ፊቷን ወደ እሳቱ ታዞራለች።

መንገዱ የተዘጋ ቀን፣ «እንግዲያው አንቺው ውሰጂኝ። ሌላ አብራሪ አልፈልግም» አለች። ሲዩኔም አጅቧት ሊሄድ ተነሳ። የቀረው ጭነት ቡና ነበር።

ኦልካባ ላይ ሰው እንዴት እንደሚመዘን አትረሳውም። ሚዛኑን ሜዳው ዳር አስቀምጣለሁ። ሰውየው በጀርባው ያዘለውን የክር ከረጢት፣ ቢሉሙን፣ ከአጥሩ ወዲያ ላለ ዘመድ ያቀብልና እንደ ቄስ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ባዶውን ሚዛን ላይ ይወጣል። ወርዶ ዞር ሲል ከረጢቱ ጀርባው ላይ ነው። ስለዚህ ከመዘንኩ በኋላ ሁልጊዜ በኋላ በር ገብቼ አያለሁ። ያን ቀንም አየሁ፤ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ሜዳው ጫፍ ላይ አሳማ ገባ ተብሎ ላባርር ወረድኩ። እዚያ ሳለሁ ነው የሲዩኔ ሚስት አጋታና ጓደኞቿ ሥራቸውን የሠሩት።

በክፋት አልነበረም። እማዬ ጎሮካ የምታርፈው ከአጋታ ወንድሞች ቤት ነው። ሳምንታት ልትቀመጥ ነው። አራት ቢሉም ሙሉ ስኳር ድንች፣ አፍ አፉ በቅጠል የታሰረ፣ ከቡናው ጀርባ ከተቱና የእማዬን ብርድ ልብስ አለበሱት። ስመለስ ብርድ ልብሱን አይቼዋለሁ። አላነሳሁትም። በኋላ አጋታን ስቆጣት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ባዶ እጇን ገብታ ቢሆንስ? የማን ስም ነው የሚጠፋው? ያንቺ ነው? አንቺማ ሰማይ ላይ ነሽ፣ ማን ያገኝሻል» አለችኝ።

እማዬን ከጎኔ አስቀመጥኳት። ቀበቶዋን ሳስር፣ «አጥብቂው። ሕፃን አይደለሁም፣ አላለቅስም» አለች። ካሰርኩላት በኋላ ግን ራሷ ደግማ አጠበቀችው። ሲዩኔ ከኋላ፣ «አክስቴ፣ ብትፈልጊ እኔ አለቅስልሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» አለ። አልሳቀችም።

ቁልቁል መንደርደር ጀመርን። አውሮፕላኗ ከብዳኝ ነበር። ሣሩ ርሶ ነው አልኩ ለራሴ። ወትሮ የምነሳበትን ነጭ ምልክት አልፈን ገና ጎማው መሬት ላይ ነበር። መጨረሻው ጋ ስንደርስ ጎተትኳት፤ ተነሳች፣ ግን እንደ ልማዷ አልነበረም። ከገደሉ ወዲያ ያለው የዛፍ ጫፍ ከወትሮው በጣም ቀርቦ ከበታቻችን አለፈ። አየሩ ሙቀት አለው አልኩ። ሰው ምክንያት ሲፈልግ ምን ያጣል።

ከዚያ ግንድ ላይ መጥረቢያ እንደማረፍ ያለ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። መላዋ አውሮፕላን ተንቀጠቀጠችና የፊቱ መስታወት ጥቁር ሆነ። ዘይት ነው። ከላይ እስከ ታች እንደ ቀለም ለበሰው። በዘይቱ ውስጥ ፕሮፔለሩ እንደ ሳንቃ ቆሞ በጥላ ይታየኛል።

ከዚያ ዝም አለ። ይህን ዝምታ ላንተ አልገልጸውም።

እጄ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋው። ይህን ያደረገው እጄ ነው፣ እኔ ገና አልደረስኩበትም ነበር። ከፊት የሚታይ ነገር የለም። ወደ ግራ ዞር ስል ግን የጎን መስታወቱ ንጹሕ ነው። በእሱ በኩል ሜዳውን አየሁት። አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ቅርብ። ሰዎች ይሮጡበታል። የአጋታን ቀይ ሸሚዝ ለይቼዋለሁ። እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስል ነበር። ከፊቴ ጥቁር መስታወት፣ ከጎኔ ቤቴ።

በዚህ መሃል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። ምንም አታይም። ዘይቱንም ሜዳውንም አላየችም። ዝምታውን ነው የሰማችው። «ተመለሺ» አለችኝ። «ተመለሺ፣ ልጄ፣ ተመለሺ።»

ጀመርኩ።

ይህን ለመርማሪው አልነገርኩም፣ ለባለቤቴም አልነገርኩም። መሪውን ወደ ግራ ሰበርኩት። የግራው ክንፍ ወረደ። ወዲያው ያ ክንፉ አየሩን ሊለቅ ሲል የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ማላዘን ጀመረ፤ እንዴት እንደሚያላዝን ታውቃለህ፣ እንደ ታመመ ፍየል ነው። በክንፉ ጫፍ በኩል ቁልቁል አየሁ። የዛፍ ቅጠል ነበር። ጫካ አላልኩህም፣ ቅጠል ነው ያልኩህ፤ አንድ አንዱ ከነደም ሥሩ ይታያል። ለክንፉ መዞሪያ የሚሆን ቦታ በእኛና በዛፉ መካከል አልነበረም። ቀና አደረግኳት።

ልብ በልልኝ። ቀና ያደረግኳት ትምህርቴን አስታውሼ አይደለም። አባባንም አንተንም አላሰብኩም። የምዞርበት ከፍታ ስላልነበረኝ ነው። ትንሽ ቢኖረኝ፣ አንድ ረጅም ዛፍ የሚያህል ብቻ ቢኖረኝ፣ እዞር ነበር። እማዬ ትለኛለች፣ ዓይኔ ሜዳውን ያየዋል፣ ማን ይከለክለኛል?

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ከፊት ማየት ስላልቻልኩ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ አጣምሜ በግራ መስታወት በኩል አሻግሬ አየሁ። ከጫካው ወዲያ የታችኞቹ ጎሳ እርሻ ነው። ያው አባባ በጎሳ ጠብ በቀስት የተዋጋቸው ሰዎች። የስኳር ድንች መደብ በመደብ ላይ፣ በመካከሉ የውሃ ቦይ። አንዲት ሴት መቆፈሪያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችንና መቆፈሪያዋን ሳትጥል ሮጠች። ነዳጁን ዘጋሁ። የክንፉን ታጣፊዎች እስከ መጨረሻው አወረድኩና ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ። በሩ ሲያርፍ ተጣሞ እንዳይቆልፍብን ከፈት አደረግኩት። ሲዩኔን፣ «ጎንበስ በል፣ ጭንቅላትህን ያዝ» አልኩት። እሱ ግማሹን ጸሎት ግማሹን ስድብ ሲያነበንብ ነበር። እማዬ ክንዴን አልለቀቀችም። በሌላው እጄ ነው ያሳረፍኳት።

በተቻለኝ መጠን ቀስ እንድትል አፍንጫዋን እያነሳሁ ቆየሁ። መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹ መደቡን መቱ፤ እየዘለልን ሄድን፤ የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባና ተቆረጠ። ጭራዋ ወደ ላይ ተነሳ። እዚያ ላይ ትንሽ ቆመች፣ ለመገልበጥና ላለመገልበጥ የምታስብ ይመስል። ከዚያ ተመልሳ ዷ ብላ ወደቀች።

ያኔ ከኋላ አንድ ነገር ይወርድብን ጀመር። በራሳችን ላይ፣ በትከሻችን ላይ፣ መስታወቱ ላይ። ሞተሩ ተበታትኖ የሚመታን መሰለኝ። ሞተሩ ግን ከፊት ነው። አንዱ ጭኔ ላይ አረፈ። ስኳር ድንች ነው።

የሲዩኔን ጥርስ ያወለቀው አውሮፕላኗ አይደለችም። ሚስቱ የጫነችው ስኳር ድንች ነው። ይህን እዚያ ጠረፍ ላሉ ሰዎች ብታወራ አይከፋውም፤ እሱ ራሱ ነው የሚያወራው።

የነዳጅ ሽታ ስለነበር እማዬን ጎትቼ አወጣኋት። ሲዩኔ በራሱ ወጣ፤ አፉን በእጁ ይዟል። ትንሽ ርቀን መደቡ ላይ ተቀመጥን። እማዬ ጣቷ ወልቆ ወደ ጎን ዞሯል፣ አላወቀችውም።

የእርሻው ሰዎች መጡ። ከፊት አንድ ጺሙ የሸበተ ሰው ገጀራ ይዞ ነው። ጊግማይ ይባላል። አውሮፕላኗን ዞሯት፣ እኛን አየ፣ መደቦቹን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ የሰማይ ሴትዮ፣ ሚስቴ ይህን ቦይ ቆፍሬ ላስፋው ስትል እኔ ነኝ ቆዪ ያልኳት። አሁን አንቺ ቆፈርሽልኝ። ግን በጣም ጠመመ» አለኝ።

ሲዩኔ ደም በሞላው አፉ ሳቀ። እኔ ማልቀሴን ያወቅኩት ጊግማይ ገጀራውን ሚስቱ እጅ ላይ አድርጎ አጠገቤ ሲቀመጥ ነው። «እናትሽ ናቸው?» አለኝ። ነው አልኩት። «የዚያ የሞተው ሰውዬ ሚስት?» አለ። ነው አልኩት። መሬቱን አየ። አባባ ሲወድቅ ጭሱን ከዚያው ከእርሻው አይቶት ነበር።

ከዚያ ጠብ ተነሣ። ሴቶቹ የተበተነውን ስኳር ድንች መልቀም ጀምረዋል። የጊግማይ ሚስት፣ «ይሄ የኔ ነው፣ ከመደቤ ነው የወጣው» ትላለች። እማዬ ተነስታ በዳሰሳ ሄደች። አንዱን አንስታ በመዳፏ አገላበጠችው፣ «ይሄ የኔ ነው። ያንቺ ቆዳው ሻካራ ነው፣ አፈርሽ ድንጋይ አለው» አለች። ሴትየዋ፣ «አፈሬን ማን ጠይቆሽ ነው፣ እማማ? በአውሮፕላን መጥተሽ እርሻዬን ትሰድቢያለሽ?» አለቻት። ሁለቱ እዚያው ቁጭ ብለው እየተሰዳደቡ ለዩት። እማዬ አንድም አልተሳሳተችም አሉኝ፤ ተሳስታ ከሆነም ማንም አልነገራትም።

እኔ ያኔ ነው የገባኝ። አራት ቢሉም፣ እስከ አፉ ሙሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያለ ሚዛን ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ሜዳውን የጨረስነው። ለዚህ ነው ዛፉ የቀረበን። ሲዩኔን አየሁት፤ ዓይኑን ሰበረ። «አጋታ ናት» አለ፤ ጥርስ በሌለው አፍ ስሟን ሲጠራ ለመቆጣት አልቻልኩም።

መርማሪው ከዋና ከተማው ከሞርስቢ መጣ። ሞተሩ ውስጥ አንድ ዘንግ ተሰብሮ ግድግዳውን በስቶ እንደወጣ አሳየኝ፤ ከውጭ ታይቶ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ስለ ክብደቱ ራሴ ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ የሚገባኝን ያህል። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እጄን ጨበጠኝ። «ሰው ሁሉ እንደሚዞር እናውቃለን። አንቺ ቀጥ ብለሽ ሄድሽ። መስታወትሽ በዘይት ተሸፍኖ፣ እናትሽ አጠገብሽ ተቀምጣ፣ አልዞርሽም» አለ። ለወጣት አብራሪዎች መጥተሽ ንገሪልን ብሎኛል። ስለ መዞሩ አልጠየቀኝም፤ እኔም መዞር ጀምሬ እንደነበር አልነገርኩትም። እስካሁን እሺም እንቢም አላልኩትም። ምን ብዬ ላስተምራቸው? ስኳር ድንች ጫኑ ልበላቸው?

አንተ ያን ቀን የጫንከው ፖስታና አባባን ብቻ ነበር። አውሮፕላኗ ቀላል ነበረች። ቀጥ ብላ ወጣችልህ። ሞተሩ ሲጠፋ ከእኔ እጥፍ ከፍታ ነበረህ። ሜዳው ከሥርህ ተዘርግቷል። የሚዞርበት ቦታ ነበረህ፤ ልዩነታችን እሱ ነው። ይህን በሌላ ቋንቋ ልነግርህ ብፈልግ አላውቅበትም።

እማዬን ጎሮካ ያደረሷት የጊግማይ ልጆች ናቸው። በጀርባቸው አዝለው ናዳውን አሻገሯት፣ ከወዲያ መኪና ጠበቃት። ከጀርባቸው ላይ ሆና፣ «ቀስ በሉ፣ አባቶቻችሁም እንዲህ እየቸኮሉ ነው ሁልጊዜ የሚሸነፉት» ትላቸው ነበር አሉ። ሐኪሞቹ አገኟት። አንዱ ዓይኗ ተሠራ። ፋሻው ሲነሳ እኔ ነበርኩ ፊቷ። ትንሽ አየችኝና፣ «አርጅተሻል» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ እንሞቃለን። ሰው ሁሉ ይጎበኛታል፣ ስለ እኔ ጀግንነት ይነግራታል። ሰዎቹ ሲሄዱ፣ «ያን ጊዜ ምን አልኩሽ?» አለችኝ።

«ምንም አላልሽም» አልኳት።

«ተመለሺ ብዬሻለሁ» አለች። «አልክድም፣ አስታውሳለሁ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ብዬሻለሁ።»

ሰው ሲጨንቀው ብዙ ይላል አልኳት። እሷ የሠሩላትን ዓይን ጨፍና ቆየች። ከዚያ፣ «እንደዚያ ባለ ጊዜ ዝም የሚል ሰው የለም» አለች። «ሲዩኔም ሲለፈልፍ ነበር። እኔም ለፈለፍኩ። አባትሽ ደግሞ በሕይወቱ ዝም ብሎ አያውቅም። ቤት ሲሠራ አናጢውን ያዛል። ሲታመም ሐኪሙን ያዛል።»

እዚያ ላይ አቆመች። የጀመረችውን አልጨረሰችም፤ እኔም አልጨረስኩላትም። አንዲት ነርስ መጥታ ጠብታ አደረገችላትና ሄደች።

ያን ጊዜ መርማሪዎቹ ስለ አባባ ሞት ሲጠይቁህ ከኋላህ ተቀምጬ ነበር። «አብሮህ የነበረው ሰው ያለህ ነገር አለ?» አሉህ። አንተ፣ «ማንም ምንም አላለም» አልክ። አንድ ጊዜ ነው የጠየቁህ፤ አንተም አንድ ጊዜ ነው የመለስከው። ዘጠኝ ዓመት አመንኩህ። አሁንም አልጠይቅህም። መልስልኝም አላልኩም። ያቺን መልስ የሰጠኸው ለማን ስትል እንደሆነ ግን እኔም እማዬም ቁጭ ብለን እያሰብን ነው፤ እያንዳንዳችን ለየብቻችን።

ሁለተኛው ዓይን ከቡና ለቀማው በኋላ ነው የሚሠራው። አውሮፕላን ላይ ከእንግዲህ አትወጣም፤ የኔም ላይ ቢሆን። ከመንደር እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ ሆስፒታል አጅቧት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ሲዩኔ አለ አልኳት፤ «እሱ ጥርሱን ያስተክል» አለች። የጊግማይ ልጆች አሉ አልኳት፤ በእጇ አይሆንም አለች። እኔ ፈቃድ እጠይቃለሁ ስላት፣ «አንቺ ሥራ አለሽ» አለች።

ከዚያ ጓሮውን እያየች፣ ማየቱን ገና አልጠገበችውም፣ «እዚያ ታች ባሕሩ ዳር ዝናቡ መቼ ነው ጋብ የሚለው?» አለችኝ። ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣው መንገድ በዝናብ እንደማይታለፍ ታውቃለች። አላውቅም አልኳት።

«ጠይቂያ» አለች። አሳማዎቹ አጠገቧ አልነበሩም፣ ብድግም አላለችም።

ስለዚህ ይኸው እጠይቅሃለሁ፤ ዝናቡ መቼ ነው ጋብ የሚለው?

ልጆችህን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ፣ ደጅህን ክፍት ያድርግልህ፣ መንገድህን ያድርቅልህ።

እህትህ